በቁሜ የቆመልኝ ሐውልት

ፍኖተ ሰላም መጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ እኔን አይታችኋል። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ጥግ፣ ከወገቤ በላይ ራቁቴን፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ገትሬ፣ ጥርሴን ነክሼ ፎቁን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። በሥጋዬ በዚያው መንገድ ሳልፍ ሰላም የሚለኝ ሰው ጥቂት ነው። ድንጋዩን ግን የማያውቀው የለም።

እንዴት እዚያ እንደወጣሁ ልንገራችሁ፤ ለሰው በነገርኩት ቁጥር የሚቀለኝ እየመሰለኝ እነግራለሁ፤ እስካሁን አልቀለለኝም።

ሥራዬ የጂኦግራፊ አስተማሪነት ነው። ስለ ተራራ፣ ስለ ሸለቆ፣ ስለ አፈር መሸርሸር ሳስተምር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ራሴ የመልክዓ ምድሩ አካል እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። መልኬም ቢሆን ለዚህ የሚያስመርጥ አልነበረም። ረዥም ነኝ፣ ቀጭን ነኝ፣ ጉንጬ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ፎቶ ቤት ስሄድ ፎቶ አንሺው መጀመሪያ "ትንሽ ፈገግ በል" ይለኛል፤ ፈገግ ስልለት ደግሞ "ይቅር፣ እንደነበርክ ሁን" ይለኛል። በዚህ ፊት ምክንያት ትዳር እንኳ ዘግይቶብኝ፣ እስካሁን በኪራይ ቤት ብቻዬን ነው ያለሁት።

ነገሩ የተጀመረው በጤፍ ነው። የዚያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ሁሉ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። እኔ ደግሞ ጤፌን አስፈጭቼ ከወፍጮ ቤት ስወጣ የሚያደርሰኝ አጣሁ። ያው ሩቅ አይደለም ብዬ ከረጢቱን ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። መንገዱን ሳጋምስ ከረጢቱ ከበደኝ። እንዳላወርደው መልሶ የሚያሸክመኝ የለም፤ እንዳልሄድ እግሬ አልታዘዝ አለ። ድንገት ከፊቴ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

"ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይንቀሳቀሱ። እንደዚሁ ይቁሙ።"

እባብ ያለ መስሎኝ ቀጥ አልኩ። ቀና ስል አንድ ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ስልኩን ይዞ ይዞረኛል። ከፊት ያነሳኛል፣ ከጎን ያነሳኛል፣ ቁጢጥ ብሎ ከታች ያነሳኛል። ላቤ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቅሎ በግንባሬ ላይ ሊጥ ሆኗል።

"ምንድን ነው የምታደርገው?" አልኩት።

"ይኼን ፊት ስፈልግ ነው የሰነበትኩት" አለኝ። "ትንሽ መረር ይበሉልኝ።"

"ከዚህ በላይ እንዴት ልምረር?"

"ልክ እንደሱ።"

ወጣቱ ናትናኤል ይባላል። ከባሕር ዳር የመጣ ቀራጺ ነው። ከተማችን ውስጥ እየተሠራ ላለው ለአቶ ምንይበል ሕንፃ ሐውልት እንዲሠራ የተቀጠረ ነበር። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ደስ አለኝ። ፊቴን የፈለገ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ከረጢቱን ራሱ ናትናኤል ተሸክሞ ቤቴ አደረሰልኝ፤ በማግስቱም ወደ ሥራ ቦታው ልመጣለት ቃል ገባሁለት። ያን ጊዜ ከረጢቱን መሬት ላይ ጥዬ ዱቄቱን ለመንገድ ሰጥቼ ብሮጥ ኖሮ ዛሬ ይኼን አላወራም ነበር።

አቶ ምንይበል የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሕንፃውን ሲያሠሩ "በአገሩ የሌለ ይሁንልኝ" ብለው ነበር፤ ተሳክቶላቸዋል። በአንድ በኩል ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ነው። በሌላው በኩል እንደ ቤተ መንግሥት አጥር ጥርስ ጥርስ ያወጣ ግንብ ነው። በሩ ላይ የሁለት ሰው እቅፍ የሚያህሉ ነጫጭ ዓምዶች አሉ፤ አናቱ ላይ ደግሞ የጎጆ ክዳን የመሰለ ቀይ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል። ስናየው አራት ሰው አራት ሕንፃ ሊሠራ ተጣልቶ በሽምግልና የታረቀበት ይመስላል። ናትናኤል ግን ይኼ ድኅረ ዘመናዊ የሚባል አሠራር ነው አለኝ።

"ድሮ ሐውልት አደባባይ መሀል ላይ ብቻውን ይቆም ነበር" አለ። "አሁን ሐውልቱና ሕንፃው አንድ ናቸው። ሰው ይሁን፣ ዓምድ ይሁን አይለይም።"

እኔም አስተማሪ አይደለሁ፣ እንደገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

ፊቴን በጄሶ ሊቀዳ ጠረጴዛ ላይ አጋደመኝ። አፍንጫዬ ውስጥ ሁለት ቱቦ ሰክቶ ጄሶውን ደፋብኝ። ከዚያ ስልክ ተደወለለትና ወጣ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ብቻ ሲመለስ ጄሶው ከእኔ ጋር ተዋህዶ ነበር። ሲያነሳው የግራ ቅንድቤ አብሮት ሄደ። በማግስቱ በአንድ ቅንድብ ክፍል ገብቼ ስለ ደን ጭፍጨፋ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ የዚያን ቀን ያህል በትኩረት አይተውኝ አያውቁም።

"ሰው ያውቀኝ ይሆን?" ብዬ ናትናኤልን ጠየቅኩት።

"አያስቡ፤ ፊቱ ይለወጣል። መነሻ ብቻ ነው" አለኝ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ጥጉ ላይ የነበረው ሸራ በገመድ ተስቦ ወረደ። ቀና ብዬ አየሁ። አንድ የለወጠው ነገር የለም። ጉንጬ ያው፣ የአንገቴ ሥር ያው፣ ቀኝ ጆሮዬ ከግራው ትንሽ ገንጠል ማለቱ ያው። የለወጠው ልብሴን ነው፤ ሸሚዜን አውልቆ ጎድኔ አንድ በአንድ እንዲታይ አድርጎታል። አራቱ ፎቅ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ነው። እግሬ አጠገብ ለባንክ የተከራየ ክፍል አለ።

ለምረቃው ከመጡት ተማሪዎቼ መሀል አንዱ "ቲቸር" አለ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ እንደሚያዝን ሰው ቀስ ብሎ ነው ያለው። ሕዝቡ ወደ ድንጋዩ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ እንደገና ወደ ድንጋዩ አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን አላራዝመውም። ሻይ ቤት ስገባ "ፎቁን ማን ይዞልህ ነው የመጣኸው?" ይሉኛል። ዘነብ ሲል "ቲቸር፣ ዛሬ ያንሸራትታል፣ ጠበቅ አርገህ ያዝ" ይሉኛል። ስልኬ እረፍት አጣ፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ ፎቶዬን ይልክልኛል። ቅዳሜ ዕለት በገበያው ሰዓት በቃኝ ብዬ ስልኬን ዘጋሁት። በዚያው ቅዳሜ የአገሬ ሰው አያ ቸኮል ገበያ መጥቶ ኖሯል።

አገሬ ከማንኩሳ ወዲያ ነው። እናቴ ወይዘሮ አንጓች እዚያ ናት፤ እኔ አንድ ልጇ ነኝ። አያ ቸኮል ደግሞ ወላጆቹ ስም ሲያወጡለት የተሳሳቱ ሰዎች አልነበሩም። ጨውና ላምባ ገዝቶ ሲመለስ ከሕንፃው ሥር ቀና ብሎ ያየኛል። ደንግጦ አንዱን መንገደኛ "ይኼ ምንድን ነው?" ይለዋል። መንገደኛው "ሐውልት ነዋ" ይለዋል።

እስቲ ፍረዱ። እኛ አገር ሐውልት የሚቆመው ለማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ መቃብር ላይ፣ ለሞተ ሰው ነው። ደህና ዘመድ ያለው ሰው ሲሞት ፎቶውም ይለጠፍበታል፤ አሁን አሁን ደግሞ መልኩን የሚያስቀርጹ መጥተዋል። አያ ቸኮል ያየውን አይቷል፣ የሰማውን ሰምቷል። ላምባውን እንደያዘ ወደ አገሩ ገሠገሠ፤ እናቴ ደጅ ሳይደርስ ከሩቁ ደረቱን መምታት ጀመረ።

"አንጓችዬ፣ ልጅሽ ሐውልት ቆመለት" አላት።

እናቴ ወዲያው ጎረቤት አስደውላ ስልኬን ሞከረች። ዝግ ነው። ደግማ አስሞከረች። ዝግ ነው። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ ከየት ይምጣ? ሰው ሁሉ ያለቀሰው በስልኬ ምክንያት እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ድንጋዩን ያላመነ እንኳ ዝግ ስልክ አመነ።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ዳቦ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ሕንፃው ሥር ሕዝብ አየሁ። አንድ አይሱዙ ቆሟል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ወገባቸውን ታጥቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። ወንዶቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆመዋል። ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ እኔም ዳቦዬን በብብቴ ሥር ሸጉጬ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ተጠጋሁ። አጠገቤ የቆሙትን ሽማግሌ ቀስ ብዬ "ማን ሞቶ ነው?" አልኳቸው።

"የአንጓች ልጅ" አሉኝ፣ ሳያዩኝ። "አስተማሪ ነበር። አንድ ልጇ ነው፣ ምስኪን።"

እውነት እላችኋለሁ፣ መጀመሪያ "ነፍስ ይማር" ብያለሁ። ምላሴ ለምዶ ነው። ከዚያ ነው ነገሩ ወደ ጆሮዬ ተመልሶ የገባው።

ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረግኩ ወደ ፊት ስሄድ የአገራችን አልቃሽ እቴ ጥሩአየሁ ከመሀል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች። በሕይወቴ ሙሉ በእሷ ሙሾ አልቅሼ አውቃለሁ፤ የራሴን ግን እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ወደ ድንጋዩ እጇን ዘርግታ እንዲህ አለች፦

ያስተምር ብለን ነው የሰጠናቸው ልጁን፣
ምሰሶ አረጉት ገትረው ሁለት እጁን።

ቆሜ ሰማኋት። ግሩም ነበር፤ መዋሸት አልችልም። እንባዬ መጣ። ከእንባዬ ማዶ እናቴን አየኋት። ከዓምዱ ሥር ተቀምጣለች። ፊቷን ቧጥጣዋለች፤ ነጠላዋ መሬት ላይ ወድቋል፤ በመዳፏ የድንጋዩን እግር ትዳስሳለች። እንደሕፃን እግር ነው የምትዳስሰው።

"እማዬ" አልኳት።

ቀና አለችና አየችኝ። ወደ ላይ አየች። እንደገና ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ ጎን ተጋደመች።

ያን ጊዜ ትርምስምስ ሆነ። ግማሹ እናቴን ሊያነሳ ሮጠ፣ ግማሹ ከእኔ ሸሸ። አያ ቸኮል አይሱዙው ላይ ወጥቶ አየሁት። የደብራችን መሪጌታ ብቻ ቦታቸውን አልለቀቁም፤ መቋሚያቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

"ልጄ፣ እስቲ በስመ አብ በልና አማትብ" አሉኝ።

"በስመ አብ" ብዬ አማተብኩ። ቀኝ ብብቴ ሥር ዳቦ ስለያዝኩ በግራ እጄ ነበር ያማተብኩት። ሕዝቡ ይኼን ሲያይ "እይ" ብሎ አንድ ላይ ወደ ኋላ ተሳበ። ዳቦውን ጥዬ በቀኜ ደገምኩት። መሪጌታ ክንዴን ጨበጡ፣ ጨመቅ አደረጉና ሥጋ መሆኔን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"በሉ ተረጋጉ" አሉ። "ሐውልቱም ቆሟል፣ ባለ ሐውልቱም ቆሟል። የወደቀችው እናቱ ብቻ ናት፤ እሷን አንሱ።"

እናቴን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ግፊቷ ወጥቶ ነበር። ስትነቃ እጄን ያዘች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካች፣ ያልበቀለውን ቅንድቤን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይኼ ነው፦

"ምን አጥፍተህ ነው?"

"ምንም አላጠፋሁም እማዬ።"

"ታዲያ ለምን ቀጡህ?"

"ቅጣት አይደለም። ጥበብ ነው። ሕንፃውን ለማስጌጥ ነው።"

ጣሪያውን አየች። "በሰው ስቃይ ነው የሚያስጌጡት?" አለች።

ለቀስተኛው ደግሞ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ እዝኑን ይዞ ነው የመጣው። የለቅሶ እህል ይዞ አይመለስም ተባለ። ስለዚህ ሁሉም ቤቴ ገብቶ ተቀመጠ፤ የራሴን ንፍሮ እያዘገንኩ አስተናገድኩ። አከራዬ በመስኮት አይታ ከልቧ አዝና መጥታ እጄን ጨብጣ "እግዜር ያጥናህ፣ ማን ነው የሞተብህ?" አለችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። እቴ ጥሩአየሁ ስትሰናበተኝ "ያዘጋጀሁልህ ገና ብዙ ነበር" አለችኝ። ቅር ብሏት ነበር።

እኔ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እናቴ አገሯ ገባች፤ ግን እህል አልበላ አላት። ትከሻዬን ያመኛል ትላለች። ጎረቤቶቿ እየደወሉ "ሌሊት ትባንናለች፤ አውርዱት ነው የምትለው" ይሉኛል። ሄጄ አየኋት። ቀበቶዬን የምታክል ሆናለች።

"እማዬ፣ እኔ ይኸው ከፊትሽ ነኝ። ምንም የተሸከምኩት የለም" አልኳት።

"አንተን አይቼሃለሁ" አለች። "ያን ግን አልረሳው አልኩ። አንተን ነው የሚመስለው። ልጄን የመሰለ እንደዚያ ሁኖ ትቼው መጥቼ እንዴት እህል ይውረድልኝ?"

ከዚያ በኋላ ቀልድ ቀረ። ናትናኤልን ፈልጌ አገኘሁትና አፍርስልኝ አልኩት።

"አይፈርስም ጋሼ" አለኝ። እሱም ፊቱ ጠውልጎ ነበር፤ ክፉ ልጅ አይደለም። "ነግሬዎት ነበር፤ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ዓምድ ነው። በመሀልዎ ፌሮ አልፏል። እርስዎ ከተነሱ ያ ጥግ በሙሉ ይወርዳል።"

"ፊቱን ብቻ ጥረበው እንግዲያ። ሌላ ሰው አድርገው። አፍንጫውን ደፍጥጠው።"

"ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መዶሻ ማንሳት አልችልም።"

ባለቤቱን ልለምን ወደ ቡሬ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ደጋግሞ ካየኝ በኋላ "የት ነው የማውቅህ?" አለኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ማንኩሳን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ራሱ አስታወሰ። ለተሳፋሪው ሁሉ እያስተዋወቀኝ ቡሬ ገባን።

አቶ ምንይበልን ያገኘኋቸው በርበሬ መጋዘናቸው ውስጥ ነው። ዛላው እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ሠራተኞቹ አፋቸውን በሻሽ አስረው ይገለብጣሉ። በሩን አልፌ ሁለት ቃል ሳልናገር ማስነጠስ ጀመርኩ። ዓይኔ ፈሰሰ። አፍንጫዬም ፈሰሰ።

"ጋሽ ምንይበል፣ እናቴ..." ብዬ አስነጠስኩ። "እናቴ ታማብኝ..."

"አይዞህ" አሉኝ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ደግ ሰው ናቸው። "ወንድ ልጅ እንዲህ አያለቅስም። እንባህን ጥረግ።"

በእጄ ጠረግኩት። እጄ በርበሬ የጠገበውን የበሩን መቃን ነክቶ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዳይ የተናገርኩት ሁለቱንም ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እናቴ እንደታመመች፣ ፊቱ ብቻ እንዲለወጥልኝ፣ ሌላ ምንም እንደማልጠይቅ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

"ልጄ፣ እኔ ሕንፃውን ስሠራ ማን ይከራየው ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር" አሉኝ። "ዛሬ አገሩ ሁሉ 'አስተማሪው ሥር እንገናኝ' ነው የሚለው። ባጃጁ 'አስተማሪው ጋ' ብለህ ስትሳፈር ያደርስሃል። አንተን ካጠፋሁ ሕንፃዬን በምን ይጠሩታል? ግን ባዶ እጅህን አልሰድህም። እናትህን ያስከፋት ግራጫነቱ ይሆናል። ድንጋይ ሲያዩት ይከብዳል። አሳምርልሃለሁ።"

ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ልጠይቅ ስል እንደገና ማስነጠስ ያዘኝ። ማስነጠሴን እንደ ምስጋና ተቀበሉት መሰለኝ፣ እስከ በሩ ሸኙኝ። የዚያ ሳምንት ሳያልቅ ቀለም ቀቢ መጥቶ ከጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ወርቅማ ቀለም ቀባኝ። ጥርሴ ሳይቀር ወርቅማ ሆነ። ድሮ በቅርብ የነበረ ሰው ነበር የሚያየኝ፤ አሁን ፀሐይ ስትመታኝ ከመናኸሪያው ማዶ አብለጨልጫለሁ።

ተስፋ ቆረጥኩ። ዝውውር ልጠይቅ አሰብኩ፤ ግን የት ልሂድ? እናቴን እንዲህ ሆና ትቼ የት እሄዳለሁ? ያንን ሰሞን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በኋላ በር በኩል እየዞርኩ፣ በጭቃው ውስጥ ነበር የምመላለሰው።

አንድ ቅዳሜ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ሳለ የሕንፃው ዘበኛ በር አንኳኳ።

"ቲቸር፣ እናትህ መጥተዋል፤ እኔ ጋ ናቸው" አለኝ። "መሰላል ስጠኝ ይሉኛል። የለም ብላቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ባንክ የሚገባው ሰው በላያቸው እየተራመደ ነው።"

ሮጥኩ። እናቴ እንዳለው ከዓምዱ ሥር ተቀምጣለች። ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል፤ ጉልበቷ ላይ አንድ ጋቢ አጣጥፋ ይዛለች። ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሸመነችው አዲስ ጋቢ ነው። ገበያተኛው ከብቦ ቆሟል።

"እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ጠየቅኩ" አለችኝ። "መሪጌታንም ጠየቅኩ፤ ናትናኤል የሚሉትን ልጅም በስልክ አገናኙኝና ጠየቅኩት። ሸክሙ አይወርድም አሉኝ። እሽ፣ አይውረድ። ግን እንደው ትከሻው ላይ የሚደረግ ጨርቅ እንኳ ይከለከላል? ከረጢት የሚሸከም ሰው እኮ ትከሻው ላይ ነጠላ ጣል ያረጋል። ገላውም ራቁቱን ነው። ክረምት መጣ።"

"እማዬ፣ ድንጋይ ነው።"

"አውቃለሁ ድንጋይ እንደሁ። አላበድኩም" አለችኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። "እኔ የማልችለው ድንጋይ መሆኑን አይዶለም። ዝም ብዬ ማየቱን ነው።"

ዘበኛው መሰላሉን አመጣ። እኔም "እሱ ይስቀለው" ብዬ ጋቢውን ልሰጠው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"አንተ ውጣ። ሌላ ሰው ቢያለብስልኝ ልቤ አያርፍም" አለችኝ።

ወጣሁ። ገበያው ሁሉ ቆሞ ያያል። ተማሪዎቼ ስልካቸውን ወደ ላይ ቀስረዋል። መሰላሉ ይወዛወዛል፤ ዘበኛው ከታች በሁለት እጁ ይዞታል። ከራሴ ጋር ፊት ለፊት ስገጣጠም ወርቅማው ቀለም መላጥ ጀምሮ፣ ከሥሩ ግራጫው ይታያል። አፉ ጥግ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ድሩን ጠረግኩለት። ለምን እንደጠረግኩለት አላውቅም። ጋቢውን በትከሻውና በፎቁ መሀል ባለችው ጠባብ ክፍተት ወተፍኩት፤ የቀረውን በደረቱ ላይ አወረድኩት፤ ንፋስ እንዳይወስደው ከጀርባው አዙሬ ቋጠርኩት።

"ግራው ተጋልጧል" አለች እናቴ ከታች።

ግራውን ሸፈንኩት።

"አንገቱ ሥር አስገባለት።"

አስገባሁለት። ስወርድ እናቴ ተነስታ ቆማ ነበር። ወደ ላይ ለረዥም ጊዜ አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ አስተካክላ ለበሰች።

"እርቦኛል" አለችኝ።

ከገበያው ጥግ ካለች ምግብ ቤት ወሰድኳት። ሽሮዋን ጥርግ አድርጋ በልታ እንጀራ አስጨመረች። አጠገቧ ተቀምጬ አያታለሁ፤ ሰዉ በመስኮት እኔን ያያል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፃ እንደማልወጣ ገብቶኛል።

ጋቢው ይቆሽሻላ። በየጊዜው ይወርዳል፣ ማንኩሳ ተልኮ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ የምወጣውም እኔው ነኝ። ዘበኛው መሰላሉን ከጓዳ አውጥቶ በሩ አጠገብ አስቀምጦልኛል። አቶ ምንይበልም ሰምተው ተደሰቱ አሉ፤ ሰው ጋቢውን ለማየት ጭምር ይመጣል። አዲስ የመጣ ርእሰ መምህር ስሜን ስነግረው አላወቀኝም፤ "ያ ጋቢ የሚያለብሰው ነህ?" አለኝ።

እናቴ አሁን ደህና ናት፤ ትከሻዋም ተሽሏታል። ዘወትር ማታ ማታ ትደውላለች። በተለይ ዝናብ ከዘነበ ሳትደውል አታድርም።

"ሄደህ አየኸው?" ትለኛለች።

"አየሁት።"

"ጋቢው አልተነሳበትም?"

"አልተነሳበትም።"

"እሰይ" ትላለች። ከዚያ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ትዝ ይላታል። "አንተስ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ" ልላት አፌን ስከፍት፣ ዘግታዋለች።